የፔጅ ምሳ ዕቃ

ታራ፣

አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። ሬጂና ከተማ ወንድሜ ጋ ነው የምሄደው፤ የምመለስ አይመስለኝም፣ ሌላ ሞግዚት ፈልጊ። ልጅሽ ፔጅ ጎረቤት ሚስስ ክላሰን ጋ ናት።

የነገ ምሳዋን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሳንዱቹን የዓሣ ቅርጽ ሰጥቼዋለሁ፤ ዓይኑ ዘቢብ ነው። ፖሙን ጠዋት ቁረጪላት፣ አለበለዚያ ይጠቁራል። ኦቾሎኒ እንዳትጨምሪ፣ ትምህርት ቤቱ ከልክሏል።

«ዛሬም ሙጥጥ አድርጋ በላች» እያልኩ ስዋሽሽ ከርሜያለሁ።
ከጥር ጀምሮ ምሳዋ እንዳለ ነው የሚመለሰው። አንቺ ከሥራ ሳትገቢ እደፋዋለሁ። ደክሞሽ ስለምትመጪ ሌላ ጭንቀት ልጨምርብሽ አልፈለግኩም። ትናንት ግን አስተማሪዋ ደወለች፤ ፔጅ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ አዙሯት ወድቃለች።

«ለምን አትበዪም፣ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።
«ለአባዬ ነው የማስቀምጠው። ሊወስደኝ ሲመጣ ይርበዋል» አለችኝ።

«ሥራ ሄዶ ነው፣ ይመጣል» ያልሻት አንቺ ነሽ። አባቷ ካልጋሪ ከተማ ሌላ ሚስት ማግባቱን እኔ እንዴት ልንገራት? በየጠዋቱ ምሳ እየቋጠሩ ከሰዓት መድፋት አቃተኝ። ከእንግዲህ በምንም ቅርጽ ብቆርጥላት የምትበላ አይመስለኝም።

ይቅርታ አድርጊልኝ።
ኖሪን የት ሄደች ብላ ከጠየቀችሽ፣ እባክሽ ትመጣለች አትበያት።

ኖሪን