በጾም ያስዘጋሁት ዘፈን

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ወዳጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የጀውሃ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ሥራሽስ? ያቺ ትንሿስ ደህና ናት? እኔ አለሁ፤ ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞታል እንጂ ሌላው አካሌ ደህና ነው፤ ተመስገን። ማሾው ዘንድሮ ብዙም አልያዘልንም።

ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን ወረቀት ከያዝኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ለሚችል ሰው ነግሬ ማስጻፍ እችል ነበር፤ ነገሩ ግን ለሌላ ሰው ነግረው የሚያስጽፉት አይደለም።

ባለፈው የገበያ ዕለት ሻይ ቤትሽ ገብቼ ነበር። ከጎረቤቴ ከጣይባ ጋር ማሾ ልንሸጥ መጥተን ነው። ጥቁር የለበሰችው አሮጊት እኔ ነበርኩ። አንቺ መቼም አውቀሽኛል። እኔ ግን አላወቅሁሽም። በዕድሜዬ ያየሁሽ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በአጥር ላይ።

ቴፕሽ ይዘፍን ነበር። ጊታር፣ ከበሮ፣ ከላዩ የወንድ ድምፅ። “ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነኝ፤ ጾምም ነው፤ እባክሽ ዝጊልኝ” አልኩሽ። እጅሽ ቴፑ ላይ ትንሽ ቆየ። አይቼዋለሁ። ከዚያ ዘጋሽው፤ ሻዬንም በሁለት እጅሽ አቀረብሽልኝ። ያቺ ትንሽ ልጅ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ “አባዬን ለምን ዝም አስባልሽው?” ብላ ስታለቅስብሽ፣ እኔ ባልሽ ጓዳ ያለ መስሎኝ አፈርኩ። ሻዬን ቶሎ ጨርሼ ወጣሁ።

መኪና ተሳፈርን። ሮቢት ልንገባ ስንል ጣይባ፣ ያስዘጋሽው የማንን ድምፅ እንደሆነ አላወቅሽም ወይ አለችኝ። ልጇ ፈሪሃ ከእናንተ ጋር በቀበሌው ኪነት ቡድን ስለነበረች፣ ጣይባ ዘፈኑን ታውቀዋለች። አንቺንም ታውቅሻለች።

የሽፈራው ድምፅ ነው አለችኝ። የልጄ።

የልጅዋን ድምፅ የማታውቅ እናት አለች ወይ ትዪ ይሆናል። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አባቱ ወልደማርያም በገና ደርዳሪ ነበር። በገናውን ራሱ ጠርቦ፣ ጅማቱን ከበግ አንጀት ራሱ አክርሮ የሠራው ነው። በጾም ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ሲደረድር ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የተጣላ ሰው እንኳ ይታረቃል። ለእኔ ዜማ ማለት እሱ ነው። ሽፈራው በዘጠኝ ዓመቱ ይደረድር ነበር። አባቱ ሲሞት በገናው ለእሱ ሆነ። ከዚያ የቀበሌውን ጊታር አገኘ።

ተጣላን። የአባትህን ትተህ የሰካራም ማጨብጨቢያ ያዝክ እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። በገና እኮ ለሞት ማሰቢያ ነው፣ እኔ ገና ልኖር ነው ይለኛል። አንድ ቀን ደግሞ፣ አባዬ ራሱ ሲደረድር እንቅልፍ ይወስደው አልነበር ወይ ብሎ አሳቀኝ። ስቄ ስጨርስ ተቆጣሁት። ቤት ውስጥ ሲለማመድ ነጠላዬን ጆሮዬ ላይ አስር ነበር። ለዚህ ነው ያላወቅሁት። እኔ የማውቀው ሲያወራና በገናውን ይዞ ሲያዜም ያለውን ድምፅ ነው።

በ1977 ጾሙ ሲያዝ ገዘትኩት። በጠባኸው ጡቴ ገዝቼሃለሁ፣ ፋሲካ እስኪሆን እግርህ ኪነት ቤት እንዳይረግጥ አልኩት። የጡት ግዝት እንዴት እንደሚፈራ አንቺም የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አልሄደም። በየሰንበቱ በገናውን ደረደረልኝ። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም።

በጾሙ እኩሌታ አንድ ዓርብ ጠዋት መጣሽ። እሱ ሽንኩርት ሊያጠጣ ወንዝ ዳር ወርዶ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ እንዲህ አልሽኝ፦ “እትዬ፣ ነገ የቀበሌው ሊቀመንበር የኪነቱን አባላት ይመዘግባል። እዚያ የተመዘገበ ለውትድርና አይጻፍም። ባይዘፍንም ግድ የለም፤ መጥቶ ይቁም ብቻ።” እኔ ምን እንዳልኩሽ አልረሳሽውም። አንቺ አዝማሪ፣ ልጄን ጾም ልታስገድፊው መጣሽ ወይ አልኩሽ። በዚያ ሙቀት ነጠላሽን ሆድሽ ላይ ጠቅልለሽ ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩም። አንገትሽን ደፍተሽ ሄድሽ።

ከማሳ ሲመለስ መምጣትሽን አልነገርኩትም።

በሆሳዕና ማግስት ለውትድርና ወሰዱት። ቀበሌው ደጃፍ ከባድ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

“እማዬ፣ ማንም ፈልጎኝ አልመጣም?” አለኝ።

“ማንም አልመጣም” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ቀና አለ። መኪናው የጣርማ በርን መንገድ ይዞ ሽቅብ ወጣ። ግዝቴን ሳልፈታለት፣ አንቺ እንደረሳሽው እያሰበ ሄደ።

አምና መርዶው ሲመጣ ለቀስተኛው ሁሉ ዕድሉ ነው፣ የአምላክ ቁርጥ ነው ይለኝ ነበር። እኔም አዎ እያልኩ አለቀስኩ። ያን ዓርብ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም። አንቺም ምናልባት፣ ልኬበት ጨክኖ ቀረ እያልሽ እነዚህን ዓመታት ኖረሽ ይሆናል። አልጨከነም። አልሰማም። ልጄ መልእክትሽን አልሰማም።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስቸግርሽም። አሁንም ጊታር አልወድም፤ በዚህ አልዋሽሽም። በገናው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለት ጅማት ተበጥሶበታል፤ የሚያከርልኝ የለም። ያን የመጨረሻ ጾም ሲደረድርልኝ ያዜመውን ሳስታውስ፣ በግዝት ታስሮ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ሻይ ቤትሽ የሰማሁት ግን፣ ጥቂት ነው የሰማሁት፣ የሚስቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ስለ ትንሿ ጣይባን አልጠየቅኋትም። አንቺንም አልጠይቅሽም። ያን ቀን ስላስለቀስኳት ከረሜላ ገዝቼ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬላታለሁ። ስሟን ብቻ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ከቻልሽ ለሆሳዕና ዋዜማ ሁለታችሁም ኑ። አጥሩ ጋ አትቁሚ፤ በሩ ክፍት ነው። ካሴቱን ይዘሽ ነይ። ቴፑን ከጣይባ እዋሳለሁ። እትዬ ሐዘን ላይ ናት፣ ጾም ነው ብለሽ እንዳታፍሪ። ጎረቤት ቢያማ ይማ፤ ቄሱ ቢቆጡም መልሱ የእኔ ነው። ያን ግዝት ዛሬ ፈትቻለሁ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፤ ትንሿም ዝም አስባልሽብኝ ብላ አታለቅስም።

እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክልሽ። ክፉ አይንካሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ለእኔም ያንን የማይበት ዕድሜ ይስጠኝ።

እናታችሁ