ለሼፍ ቴዎፊል ንጋንዶ፦ ስለ ሳሉት ቢላና ስለ ባሌ መዳፍ

ለተከበሩ ሼፍ ቴዎፊል ንጋንዶ
የ«ወርቃማው ድስት» የምግብ ሙያ ማሠልጠኛ ዋና ዳይሬክተር፣ በየስልካችን የሚገቡ የወጥ ቤት መምህር
ዱዋላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ነጩ ካፖርትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሥሩም ጣቶችዎ በሙሉ ደኅንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በዴይዶ ሰፈር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የመርከብ ዕቃ መዝጋቢ፣ ኢናንጋ ሞኩሪ እባላለሁ። ለትምህርት ቤት ወጥ ቤቶች የሚቀጠሩትን ወጣት ሴቶች ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እንዲያሠለጥኑ መመረጥዎን በሬዲዮ ስሰማ፣ የእንኳን ደስ አለዎ ደብዳቤ ልጽፍልዎ ብዕር አነሣሁ። ሆኖም ደስታዬ ጥቂት ቅሬታዎች ስለተቀላቀሉበት፣ ትልቅ ሰው ፊት ነገር ማዝረክረክ ነውር ነውና፣ በቁጥር ለይቼ ላቀርብልዎ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ባለቤቴ ስለ ኤክዋላ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በወደቡ ክሬን ላይ ተቀምጦ የኖረ፣ በትዳራችን ውስጥ ድስት ከፍቶ ከማየት በቀር ምድጃ ነክቶ የማያውቅ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት ዓይኔን ታክሜ አንደኛው ዓይኔ ታሽጎ፣ ሌላኛው ደግሞ ጭጋግ እያሳየኝ ቤት ስውል፣ እርስዎን በስልኩ አገኘዎት። ሳምንቱን ሙሉ የቤታችን ድምፅ የእርስዎ ድምፅ ሆነ፦ «ወገኖቼ፣ ቢላ ፈሪ አይወድም! ጠንከር አድርጋችሁ!» ባሌም እየደጋገመ «ጠንከር» ይል ነበር፤ እንደ ጸሎት።

በዚያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። ኤክዋላ ከዩፕዌ ገበያ የተገዛውን በረዶ የያዘ ዓሣ አውጥቶ፣ እኔን በረንዳው በር አጠገብ አስቀመጠኝ።

«ማማ፣ ዛሬ ተቀመጪና ብዪ እንጂ እንዳታዢ» አለኝ።

«ዓሣው ሳይቀልጥ ነው እንዴ የምትቆርጠው?»

«ሼፉ ጥሩ ቢላ በረዶ አያውቅም ብሏል።»

«ሼፉ ነው ያለው ወይስ አንተ ነህ የሰማኸው?»

«ዓይንሽን አሳርፊ፤ ጆሮሽንም ጨምረሽ» አለኝና ሣቀ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ባስተማሩት መሠረት ሳህኑን ደፍቶ ቢላውን በሳህኑ ቂጥ ላይ ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ በፍጥነት ወዲህና ወዲያ ሲፈገፍገው ሰማሁ። ስለቱን እንዲህ አቁመው ቢፈገፍጉት ጫፉ ተጠቅልሎ ከቀድሞው የባሰ እንደሚደነዝ ያኔ አላወቅንም፤ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ዛሬ ግን በሚገባ እናውቃለን። ቀጥሎ ዓሣውን እንደ እርስዎ በግራ መዳፉ ላይ አኖረው። ቢላው አልገባ ሲለው «ጠንከር» ሲል ሰማሁት። ከዚያ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ።

እኔም በጭጋጋማው ዓይኔ ወደ ወጥ ቤቱ ስመለከት፣ ነጩ ወለል ላይ ቀይ ነገር ሲሰፋ አየሁ። የዘንባባው ዘይት የተደፋ መሰለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተቆጣሁት።

«ዘይቱን ደፋኸው አይደል? ያንን ሁሉ ዘይት!»

«ኢናንጋ» አለኝ፤ «አትምጪ።»

ባሌ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ወንበሩን ይዤ ተነሣሁና ግድግዳውን እየዳበስኩ ሄድኩ፤ እግሬ ሥር ሲያዳልጠኝና ሲሞቀኝ ያኔ ዘይት እንዳልሆነ ገባኝ። ፎጣ ፍለጋ እጄን ስሰድ የያዝኩት የገበታ ልብስ ነበር፤ እሱን ጠቅልዬ መዳፉ ላይ ጫንኩና ሙኬን፣ ጎረቤታችንን፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁት። መንገዱ በውኃ ተውጦ ስለነበር መኪና አልገባም አለ። ሙኬ በሞተር ብስክሌቱ ኤክዋላን መሀል፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ፣ ውኃው ጭኑ ድረስ እየመጣ፣ «አባቴ፣ እንዳትተኛ! ስለ ወደቡ አውራኝ፣ ስለ ክሬኑ አውራኝ!» እያለ ሐኪም ቤት ወሰደን። ኤክዋላ መጀመሪያ ላይ ይመልስለት ነበር። በኋላ ዝም አለ። የፊቱ ቀለም ምን እንደሚመስል ማየት ባለመቻሌ ያን ቀን አምላክን አመስግኛለሁ፤ ትከሻዬ ላይ የወደቀው ጭንቅላቱ ግን ከብዶኝ ነበር።

ሕይወቱ ተረፈ። የመዳፉ ጅማቶች ተሰፍተዋል፤ ሁለቱ ትናንሽ ጣቶቹ ግን ዛሬም አይታጠፉም። ይህ ለጡረተኛ ምን ጉዳት አለው ይሉኝ ይሆናል። ኤክዋላ በወንዛችን የታንኳ ውድድር የዴይዶ ሰዎችን ታንኳ ከኋላ ሆኖ የሚመራ ሰው ነበር። መሪ መቅዘፊያ ደግሞ በሦስት ጣት አይያዝም። ዘንድሮ በታኅሣሥ ከእኔ ጋር ወንዙ ዳር ቆመን ሌላ ሰው ሲመራ አየን። የሰፈራችን ታንኳ አሸነፈ። እሱም ከሁሉ በላይ ጮኾ አጨበጨበ፤ ወይም ለማጨብጨብ ሞከረ፤ ከዚያ «ፀሐዩ በረታ፣ እንሂድ» አለኝ። ሰማዩ ደመና ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የደረሰብንን ከቪዲዮዎ ሥር በትሕትና ብጽፍልዎ «እናመሰግናለን እማማ፣ ቀጣዩን ዝግጅት እንዳያመልጥዎ» ብለው ከሁለት የተጣመሩ እጆች ሥዕል ጋር መለሱልኝ። እጆቹ ሙሉ ጣት ነበራቸው። «ሌላ ሰው ሳይጎዳ ቪዲዮውን ከገጽዎ ያንሱት» ብዬ ድጋሚ ብጽፍ ደግሞ እኔን ከገጽዎ አነሡኝ። ስለዚህ በሙኬ ስልክ እከታተልዎ ጀመር።

ሦስተኛ፤ ዓይኔ ከዳነ በኋላ ያን ቪዲዮ ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁና፣ ስለ አንድ ተአምር ማብራሪያ ብለምንዎ ድፍረት አይሁንብኝ። በሳህኑ ቂጥ ላይ የሚፈገፍጉት ቢላ እጀታው ላይ ሦስት ሚስማር አለው። ምስሉ ለአፍታ ይቆረጥና ቲማቲሙን እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ የሚከትፈው ቢላ ብቅ ሲል፣ ሚስማሩ ሁለት ሆኖ ይገኛል። በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ሚስማር የሚያጠፋ የመሳል ጥበብ እስከ ዛሬ አላየሁም። ለኤክዋላ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ስልኩን አቅርቦ ተመለከተ። አልተሳደበም። «እኔ እኮ እጄ ያላወቀበት መስሎኝ ነበር» አለ ብቻ። ይህን ሰው ለወራት ያሳፈረው የእርስዎ ሁለተኛ ቢላ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ ብዬ የምቀጥለው ቅሬታ ሳይሆን ትዝታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በማሠልጠኛዎ ግቢ ለሕዝብ ባዘጋጁት ትርኢት ላይ ከኤክዋላ ጋር ከፊት ተቀምጠን ነበር። የመጣሁት ልጮህ አልነበረም። ቢላውን በሳህን ቂጥ ፈግፍገው ሲጨርሱና ረዳትዎ ሌላ ቢላ ሲያቀብልዎ፣ እጄን አውጥቼ እንዲህ ማለቴ ይታወስዎ ይሆናል፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሼፍ፣ በዚሁ አሁን በሳሉት ይቁረጡልን።»

«እማማ፣ ሰዓት የለንም።»

ከኋላዬ የነበረች አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ «ቲማቲም ለመቁረጥ ስንት ሰዓት ነው የሚፈጀው? አርሰህ ነው እንዴ የምታበቅለው?» አለች። ሕዝቡ ሣቀ። ፊትዎ ተለዋወጠ። ሁለተኛውን ቢላ ገፍተው በመጀመሪያው ጀመሩ፤ ቲማቲሙም አልተቆረጠም፣ ተጨፈለቀ፤ ፍሬው ነጩ ካፖርትዎ ላይ ተረጨ። ያን ጊዜ ሣቁ ቆመ፤ ምክንያቱም ተናደው ነበር። አውራ ጣትዎን ከስለቱ ፊት ለፊት አስደግፈው በሙሉ ክንድዎ ሲጫኑ ሁላችንም አየን። እኔ፣ አልዋሽዎትም፣ ዝም አልኩ። ከአፌ ቃል አልወጣም፤ እንዲወጣ መፈለጌንም እርግጠኛ አይደለሁም።

«ጣትህን አንሣ!»

የጮኸው ኤክዋላ ነበር። ክሬን ሥር የቆመ ሰው ሲያይ ይጮኽ በነበረበት ድምፅ። እርስዎም ደንግጠው እጅዎን ሰበሰቡ፣ ቢላውም አዳልጦት አውራ ጣትዎ በነበረበት ቦታ ላይ መክተፊያውን መታ። ከዚያ «መብራቱ አስቸገረኝ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። አመስግኑኝ ያለ የለም። ነገር ግን የትርኢቱ ቪዲዮ በማግስቱ ሲወጣ ከቲማቲሙ በፊት ማለቁን ሳይ፣ አንድ ነገር ተረዳሁ፦ እርስዎ በደንብ የሚቆርጡት ነገር ቪዲዮ ነው።

ስንመለስ ኤክዋላን «ለምን ጮኽክ? ይቅመሰው አትልም?» አልኩት።

«ቀምሼዋለሁ እኮ» አለኝ፤ «ለማንም የሚሆን አይደለም።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም። ይቅርታዎንም፣ በሳህን ቂጥ የሚስሉት ከሆነ፣ ይቅርብኝ። ልመናዬ ይህ ነው፦ ያን ቪዲዮ ከገጽዎ ያንሱ፤ ሰኞ ለሚመጡልዎ ሴቶች ደግሞ ቢላ መሳል የሚችል ሰው ቢላ መሳልን ያስተምራቸው፤ እርስዎ ስለ ቅመም ይንገሯቸው። ከእነርሱ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሆነን ከክፍልዎ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠን ትምህርትዎን በጸጥታ እንከታተላለን። ጸጥታችን የሚዘልቀው ሴቶቹ ፊት ሳህን እስኪደፉ ድረስ ነው።

ስለቱ ከእርስዎም ከእኛም ይራቅ እያልኩ፣ ከመክተፊያዎ አንድ ክንድ ርቄ እጅ የምነሣዎ፣ የማያቋርጥ ተመልካችዎ፣

ኢናንጋ ሞኩሪ
ዴይዶ፣ ዱዋላ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ትናንት ከሰዓት በኋላ ክብርት ባለቤትዎ ያለ እርስዎ ዕውቀት ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር። በቅጠል የተጠቀለለ፣ ሚዮንዶ የተባለ የካሳቫ ምግብ በዘንቢል ይዘው መጡ፣ ኤክዋላን እንደ ወንድም ጠየቁት፣ ከእኔ ጋር ብዙ ተጨዋወትን። የነገሩኝን ለማንም ላልናገር ቃል ስለሰጠሁ አልናገርም። ዘንቢሉን ሲያቀብሉኝ ግን በግራ እጃቸው አውራ ጣት ላይ ያለውን የቆየ፣ ረጅም ጠባሳ አይቻለሁ። ቢላውን ማን እንደሳለላቸው አልጠየቅኋቸውም።