የሄስተር እጅ በብረት ላይ

ውድ አባባ ሲረል፣

እግርዎ እንዴት ነው? አክስቴ ዶሪን እሷ ቤት ከሄዱ ወዲህ በምርኩዝ እስከ ባሕሩ ዳር መሄድ ጀምረዋል ብላ ለእማዬ ነግራታለች። ደስ ብሎኛል። ፊት ለፊት ማውራት እንደሚያቅተኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ቢናደዱም እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ባለፈው ሐምሌ ከጨረታ የገዙት ያ ዝገታም የአየር ጠመንጃ አለ አይደል? የዊልሞት ወርክሾፕ ሥራ ነው ብለው ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት ያስቀመጡት። እርስዎ ሐኪም ቤት በሄዱበት ቀን ላስደስትዎ ብዬ በዘይትና በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግኩት። ሲመለሱ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። መነጽርዎን አድርገው ብዙ ካገላበጡት በኋላ፣ “ስትጠርጊው ፊደል ነገር አላየሽም?” አሉኝ። አላየሁም አልኩ።

አይቼ ነበር አባባ። ከዝገቱ ሥር እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ግራጫ መስመሮች ነበሩ። ጭረት መስለውኝ እስኪጠፉ ድረስ ፈገፈግኳቸው።

እርስዎ ግን አልተቆጡም። ያን ቀን ነው ስለ እናትዎ የነገሩኝ። ሄስተር ከማግባቷ በፊት ዊልሞት ወርክሾፕ ትሠራ እንደነበር፣ ብረቱን ሰም ቀብታ በመርፌ እንደምትጽፍበት፣ ከዚያ አሲዱ መርፌው የሄደበትን ብቻ እየበላ ፊደል እንደሚያወጣ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ስለሞተች ፊቷን አያስታውሱም። የእጅ ጽሑፏም በመጽሐፍ ቅዱስዎ ላይ ካለው ስሟ በቀር አልተረፈም። አሥራ አንድ የዊልሞት ጠመንጃ ሰብስበዋል፤ አሥራ አንዱንም የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ወልውለው ወልውለው ጽሑፉን አጥፍተውታል። አሥራ ሁለተኛውን እኔ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሳልገባ እመለሳለሁ።

አሁን የትናንቱን ልንገርዎ። ከሰዓት በኋላ ከእማዬ ጋር መጠጥ ቤቱን ስናጸዳ ባለቤቱ አቶ ታንዲ በፍላኔል የተጠቀለለ ጠመንጃ ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። የሟቹ የአቶ ፕሪስ ነው፤ ሚስታቸው ከአልጋ ሥር አውጥተው ልከውት ነው። እንደ ልማዳችን ቅዳሜ፣ ደወል በጥይት በሚመታበት ውድድር የፍጻሜ ዕለት፣ የመጀመሪያው ጥይት በሟቹ ጠመንጃ ይተኮሳል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ መወልወል አለበት። አቶ ታንዲ ሽቦውን አነሱ።

“አይንኩት” አልኩ።

ዞር ዞር ብለው አዩ። “ግላዲስ፣ ይህቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?”

“እኔም ዛሬ ገና መስማቴ ነው” አሉ ሚስታቸው። “ሁለት ዓመት ሙሉ ‘እሺ’ ብቻ ነው ያለችኝ።”

“ዝገት እኮ ነው የኔ ልጅ” አሉ አቶ ታንዲ።

“ዝገት አይደለም፤ የደረቀ ቅባት ነው። ከሥሩ ጽሑፍ ይኖር ይሆናል።”

“ባይኖርስ?”

“መጸዳጃ ቤቱን አንድ ወር ብቻዬን አጸዳለሁ።”

“እናትሽ ሰማችሽ” አሉና ሳቁ። “አሁን ቃልሽን አታጥፊም።” ሽቦውን ግን አስቀመጡት።

በጥጥ ዘይት ነካ አድርጌ ጠበቅኩ። ቅባቱ ሲላላ በጣቴ ገፋ አደረግኩት። ምንም የለም። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ወስጄ ትንፋሼን እፍ አልኩበት። ጉሙ ከብረቱ ላይ ሲሸሽ ፊደላቱ አንድ በአንድ መጡ፦ “ዊልሞት፣ በርሚንግሃም”። በዙሪያቸው ከጥፍሬ ያነሱ ቅጠሎች አሉ፤ የቅጠሎቹ ደም ሥር እንኳ ተስሏል። “በርሚንግሃም” በሚለው ውስጥ ያለው ‘አር’ እግሩ ከመስመሩ ወርዶ እንደ ዓሣ ጅራት ይታጠፋል። መጽሐፍ ቅዱስዎ ላይ ‘ሄስተር’ ሲያልቅ እንደሚታጠፈው።

ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ከሰባ ዓመት በፊት ብረት ላይ ጎንበስ ብላ ይህን ጻፈች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ያቺ ልጅ የእርስዎ እናት ናት፤ የኔም ደም ናት። ደጋግሜ እፍ አልኩ፤ ደጋግማ መጣች።

የማን እጅ እንደሆነ ስነግራቸው አቶ ታንዲ አዩና ቆባቸውን አወለቁ። “የሲረል እናት?” አሉ ቀስ ብለው። እማዬ አለቀሰች።

ወይዘሮ ፕሪስ ጠመንጃውን አይሸጡትም፤ የባላቸው ነው። ግን የመጀመሪያውን ጥይት እርስዎ እንዲተኩሱ ፈቅደዋል። ቅዳሜ ጠዋት አቶ ታንዲ በመኪና ሊወስዱዎት ይመጣሉ። እኔም አብሬያቸው ልምጣ ወይስ ልቅር? ለእማዬ ደውለው ይንገሯት። ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ፤ የሚገባኝ ነው።

የጠረግኩት ግማሹን ብቻ ነው። ከቀረው ቅባት ሥር ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ ማንም እንዳይነካው አቶ ታንዲን አስምያቸዋለሁ። እሱን እርስዎ ያውጡት።

የዋሸችዎት የልጅ ልጅዎ፣
ሮዊና