በሁለት አገር ገበታ ላይ የቆሙት ዶክተር አርፔኒክ ጋልፋያን

ዶክተር አርፔኒክ ጋልፋያን ከአባታቸው ከአቶ ሆቭሴፕና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዛሩሂ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በአሌፖ ከተማ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ቤተሰቡ ወደ አርመን ገብቶ ዬሬቫን ተቀመጠ፤ ታናሽ ወንድማቸው ሙሼግም እዚያው ተወለደ። አባታቸው ሲያርፉ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ሥራ መግባት ነበረበት። እሳቸው ተማሩ፤ ሙሼግ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ መኪና ያዘ።

በ1964 የፊዚክስ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ በአራጋትስ ተራራ ላይ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር ወደሚለካው ጣቢያ ገቡ። እዚያ የእራት ሥርዓት ነበር። ገበታውን የሚመራው ሰው ስም ሲጠራ፣ የተጠራው ብርጭቆውን ይዞ ይነሣና የገዛ ራሱን ልኬት ይሞግታል። ሳይናገር የሚጠጣ የለም። እህሉንና ወይኑን በበረዶ ውስጥ የሚያወጣላቸው ሙሼግ ነበር። "አንተ ሾርባውን እይልን፤ የኛ ወሬ ይሰለችሃል" ይሉታል ተመራማሪዎቹ። ዓመታት አለፉ፤ ስሙን የጠራው የለም።

በ1968 ከመሐንዲስ ሌቮን ጋር ጋብቻ መሥርተው ናሬክንና ሲርቫርድን ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ዐርፈዋል።

በ1993 ዬሬቫን መብራትና ማሞቂያ ባጣችበት ጊዜ ወደ ሃምቡርግ ሄዱ። ብዙዎች ሄደዋል። እናታቸውን አስታሞ የቀበረው ግን የቀረው ልጅ ነው።

የገቡበት የሃምቡርግ የምርምር ተቋም ፕሮፌሰሩ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ የሚጽፍበት ቦታ ነበር። እሳቸው የተራራውን ገበታ ዘረጉበት። መጀመሪያ "ይሄ ስብሰባ ነው ድግስ?" ብለው ሳቁባቸው። አንድ ቀን ራሳቸው ተነሥተው የሁለት ዓመት ውጤታቸው ስሕተት እንደነበረ ሲያስረዱ ሳቁ ቆመ። ጀርመኖቹም በተራቸው ተማሪና መሣሪያ ይዘው ወደ አራጋትስ መጡ፤ ሊዘጋ የነበረው ጣቢያ ነፍስ ዘራ። ይህን ሙሼግም አይክድም።

በሳንባ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኤፕሪል 9 ቀን 2012 ሃምቡርግ ውስጥ ዐረፉ። ልጆቻቸው እዚያው ሊቀብሯቸው ቆርጠው ነበር። ሙሼግ ይህን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈረ። በሐዘኑ ማዕድ ላይ ባልደረቦቻቸው በየተራ ተነሥተው ተናገሩ። በመጨረሻ ገበታውን የሚመሩት ሽማግሌ ጀርመናዊ፣ "ወንድሟ ገና አልተናገሩም፤ እስኪናገሩ እንጠብቃለን" አሉ።

ሙሼግ ተነሣ፤ ናሬክ አስተረጎመለት።

"ዕውቀቷን ወስዳችኋል፤ ደግ፣ ሠራችሁበት። እናታችን ግን ትመጣለች እያለች ነው የሞተችው። አሁን እንኳ ትምጣላት።"

ሲርቫርድ፣ "አጎቴ፣ ይዘሃት ሂድ" አለች።

ዛሬ ከእናታቸው ጎን ያርፋሉ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ በሁለት አገር ብዙ ተማሪዎችና አንድ ወንድም ትተዋል። ብዙ የተንከራተተች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ከዚህ በኋላ መንገድ በማያስፈልግበት ስፍራ ያኑርልን።