የሰው መድኃኒት ከፍሪጄ ስለማንሣት

ቀን፦ ታኅሣሥ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለገበያ ዳር ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ቢቸና

ጉዳዩ፦ የዘጠኝ የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን በሱቄ መቀመጡ እንዲያበቃና ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን በየቤታቸው መያዝና መውጋት እንዲማሩ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በቢቸና ከተማ ለስላሳና ሸቀጣ ሸቀጥ በመቸርቸር የምተዳደር ስሆን፣ የደረሰብኝን ችግር በአክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ባለቤቴ አቶ ከሊፋ ለአሥራ አንድ ዓመት በስኳር ሕመም ሲሠቃዩ ኖረው በጥር 2012 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደዋል። ኢንሱሊናቸውን በሱቄ ፍሪጅ ከለስላሳው ጎን አስቀምጥ፣ መርፌውንም እኔው እወጋቸው ነበር። ሐዘኔ ሳይወጣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ፍሪጅ የሌላቸውን ሁለት ሕሙማን «ለጊዜው እርስዎ ዘንድ ይቀመጥላቸው» ብለው ላኩብኝ። ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለቱ ሕሙማንም ዘጠኝ ሆነዋል።

2. ሕሙማኑ ጠዋትና ማታ ይመጣሉ። አምስቱ ራሳቸውን መውጋት ስለማያውቁ የምወጋቸው እኔ ነኝ። መሪጌታ ገብረ ኪዳን እንኳ፣ ያን ሁሉ የቅኔ ተማሪ የሚያስጨንቁ ሰው፣ መርፌ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔም ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አላስተዛዝንም፤ ከቤቴ ርቄ ማደርማ የማይታሰብ ነው።

3. በሰኔ 2013 ዓ.ም. ልጄ ኸይራት ሞጣ ስትወልድ ፍሪጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። መድኃኒቱ ነበረ፤ የሚወጋ ግን አልነበረም። አቶ ፋንታ የተባሉት ሕመምተኛ ሁለት ቀን ሳይወጉ ቆይተው፣ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ስልክ ሲደወልልኝ አራሷን በሦስተኛ ቀኗ ጥያት ተመለስኩ። አላህ ይመስገን፣ አቶ ፋንታ ተረፉ። ሲሻላቸው ቤቴ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

4. ሞጣ ሳለሁ አንዲት ነርስ እንደነገረችኝ፣ የተከፈተ ኢንሱሊን በእርጥብ አሸዋ መሀል በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ፣ ፀሐይ ሳያየው ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መውጋትም በጥቂት ቀን ልምምድ ይለመዳል። ይህን እዚህ የነገረን የለም። በጣም ተናደድኩ። ሁለት ጊዜ መጥቼ ብጠይቅም «እርስዎ እያሉ ምን ያሳስባል?» ተባልኩ። ምስጋና መስሎኝ ነበር፤ ለካ እግር ብረት ኖሯል።

5. ኸይራት በጥር መጨረሻ ሁለተኛ ልጇን ትወልዳለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እማዬ፣ ግድ የለም አትምጪ፤ እኔ በሽተኛ አይደለሁም» አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን እመልስላት ነበር። የለመደችው ነገር ሆኖባት ነው፤ ያ አንገበገበኝ።

ስለሆነም እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ አንድ ባለሙያ ተመድቦ ዘጠኙም ራሳቸውን መውጋትን፣ ስኳራቸውን መለካትን፣ ሲወርድባቸውም ማድረግ ያለባቸውን እንዲያስተምርልኝ፤ ያልተከፈተው መድኃኒት በጤና ጣቢያው ፍሪጅ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። ማሰሮውንና አሸዋውን እኔ አቀርባለሁ።

መልስ ካልተሰጠኝ ጥር 20 ቀን ሱቄን ዘግቼ እሄዳለሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ዘጠኝ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ እያየሁ መኪና እንደማልሳፈር እኔም አውቃለሁ፣ ጤና ጣቢያውም ያውቃል። ማስጠንቀቂያ መጻፍ አቅቶኝ የምለምነው ለዚህ ነው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሳቢራ ሙጀሂድ
(ፊርማ)