ከሟች ጋር ተመሳጥሮ ፈተና መኮረጅን ይመለከታል

ይድረስ ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን ያጽናልዎ፣ ወንበርዎም ይመችዎ፤ ሦስት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እንደ ዕውቀት የሚቆጠርበትን ቤት የሚያስተዳድሩ ሰው ነዎትና። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ደኅና አለመሆኔን የሚገልጸውን የሐኪም ማስረጃ ኮሚቴዎ ስላልተቀበለው፣ አሁን ያለ ጥርጥር ደኅና ነኝ።

ስሜ ይትባረክ አስናቀ ይባላል። በሹም አቦ ሰፈር ከቤት ቤት እየዞርሁ የውሃ ቆጣሪ የማነብ፣ አርባ ሦስት ዓመት የሞላኝ፣ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎ ነኝ። ለመመረቅ ስታቲስቲክስ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እሱን የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ በኩረጃ ዜሮ አድርጎብኛል፤ የፊታችን ሐሙስ ይግባኜ ካልተሰማም ለሁልጊዜው እሰናበታለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ሐኪሜ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር፣ በተለምዶ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ እንዳለብኝ ገልጸው፣ ለብቻዬ ክፍል ተሰጥቶኝ እየተንቀሳቀስሁ እንድፈተን የጻፉትን ደብዳቤ ጽሕፈት ቤትዎ "ይህ የልጆች በሽታ ነው" ብሎ ስለመለሰልኝ አመሰግናለሁ። አርባ ሲሞላኝ ለምን እንዳልለቀቀኝ እኔም በሽታውን እጠይቀዋለሁ።

ሁለተኛ፦ የማጠናው በሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ እያልሁ፣ የተማርሁትን ለክፍል ጓደኛዬ ለመቅደላዊት ጮክ ብዬ እያስረዳሁ ነው። ስልኬ በየሃያ ደቂቃው ይጮህና የት ላይ እንዳቆምሁ ያስታውሰኛል። እንዲህ ሆኜ ሠላሳ ስምንት ኮርስ አልፌአለሁ። እንዴት እንደቻልሁ ከቢሮዎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ውድ ጊዜያችሁን ስላልወሰድሁ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፦ በፈተናው ዕለት ፈታኙ አቶ ክንዱ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ለማን እንደምነግር ጠየቁኝ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ለየኔታ ጥዑመ ልሳን ነው አልኋቸው። እሳቸውም ስሙን በትጋት መዘገቡት። ቃለ ጉባኤው አሁን "በአዳራሹ ካልተገኘ ግብረ አበር ጋር በመመሳጠር" ይላል፤ ግብረ አበሩም ሐሙስ ቀርበው እንዲያስረዱ የጥሪ ደብዳቤ በእኔ በኩል ተልኮላቸዋል። የኔታ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል።

አራተኛ ልል ነበር፤ ይህኛው ግን ምስጋናም ቅሬታም አይደለም።

የኔታ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ላይ ዳዊት ያስተማሩኝ፣ ዓይናቸው የማያይ መምህር ነበሩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የምርኩዛቸውን ጫፍ ይዤ የምመራቸው እኔ ነበርሁ። አንድ ጠዋት በሐይቁ ዳር ስንሄድ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ ዓሣ ሲውጥ አየሁና ምርኩዙን ለቅቄ ተከተልሁት። ምን ያህል እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስመለስ የኔታ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው፣ ስሜን ይጠሩ ነበር። ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ። አፌን ከፍቼ መመለስ አፈርሁና ሸንበቆው ውስጥ ተደበቅሁ። ዓሣ አጥማጆች አወጧቸው፤ እኔ ግን በዚያው ጠፋሁ። በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብለህ ተቀመጥ በተባልሁበት ቦታ ሁሉ ይጠሩኛል። ስሄድና ስናገር ድምፃቸው ይርቃል፤ ስቀመጥ ይቀርባል። ክቡርነትዎ፣ እኔ እፈራለሁ። ኮሌጅ የገባሁትም በሕይወቴ አንድ ነገር እንኳ ሳልለቅ ዳር ላድርስ ብዬ ነበር።

አቶ ክንዱ ከንፈሬ ላይ ያዩት የፈተና መልስ አልነበረም። "አለሁ፣ የኔታ" ነበር ያልሁት፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የምንቆራጠጥበት ክፍል ይስጡኝና ፈተናውን እንደገና ልፈተን።

ትዕግሥትዎን በማድነቅ፣ በተቻለኝ መጠን ሳልቅበጠበጥ እጅ የምነሳ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ተማሪዎ የሆንሁ፣

ይትባረክ አስናቀ
ባሕር ዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥሪ ደብዳቤዎን ደልጊ ወስጄ መቃብራቸው ላይ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ቀጠሮ የሚያጓድሉ ሰው አልነበሩም። ሐሙስ አንድ ወንበር ያስጨምሩ፤ እግራቸው እርጥብ ስለሆነ ምንጣፉንም ያስነሱ። ድንገት የእርስዎን ስም ከጠሩ ግን፣ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልምከርዎ፣ ቶሎ ይመልሱላቸው።