መገኘታችን መስማማት ሆኖ ስለመገኘቱ

ለተከበሩ የከተማ መልሶ ማልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? እኔ፣ ከገበያው ጀርባ ሠላሳ አንድ ዓመት በገዛ ቤቴ ልብስ የሰፋሁት መበለት፣ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ቤቴ ብቻ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አምና የፊት ክፍሌ ድረስ መጥተው፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ «እናቴ፣ ሰፈሩ እርስዎን ይሰማል፤ ሰው ይሰብስቡልኝ፣ ማንም ያለፈቃዱ አይነሳም» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እናቴ ካሉኝ ብዬ እንደ ልጄ አመንኩዎት፤ በየደጁ ዞሬ ሰዉን የጠራሁትም እኔ ነኝ።

፪. በስብሰባው የዞረው ወረቀት የተገኙ ሰዎች ስም መያዣ ነው ተብለን ፈረምን። ጎረቤቴ ሽማግሌው አናጺ ዓይናቸው ስለደከመ «ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «መገኘትዎን ነው አባቴ፣ ይፈርሙ» ብዬ እጃቸውን ይዤ መስመሩን አሳየኋቸው። ከአራት ወር በኋላ ያው ወረቀት «ለመነሳት የተስማሙ ባለይዞታዎች» የሚል ራስጌ አብቅሎ መጣ። ወረቀትም እንደ ችግኝ ከተንከባከቡት እንደሚያድግ ስላስተማሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

፫. አናጺውን ይዤ አቤቱታ ሰሚዎ ፊት ቀረብኩ። «ፊርማው የእርስዎ ነው ወይስ አይደለም?» ተባሉ። ሰውየው ውሸት አያውቁምና «የእኔ ነው» አሉ። ጉዳዩ ወንበሩ ሳይሞቅ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሌላ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

፬. ቤት አፍራሹ ማሽን የመጣ ዕለት አናጺው በወጣትነታቸው የሠሩትን በር ከማጠፊያው ነቅለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። አሁን በልጃቸው በረንዳ ላይ ግድግዳ አስደግፈውታል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። «አንቺ ምን አደረግሽ» አሉኝ እንጂ፣ እንደ ወትሮው ወንበር ስበው «አረፍ በይ» አላሉኝም። የሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ቆመው ሸኙኝ። ለቤቴ ምትክ ቦታ ይሰጡኝ ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን ምትኩን ከየትኛው ፕላን ላይ ያገኙልኛል?

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ብቻዬን ብወድቅ ባልከፋኝ፤ እኔ ግን ሰፈሩን ሁሉ አፈናጥጬ ነው የወደቅኩት።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ከአንዲት የኪራይ ክፍል፣
ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በጋዜጣ በማንበብዎ ቅር እንዳይልዎ። መጀመሪያ በእጄ ይዤ መዝገብ ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ ሠራተኛዋ «የላኪው የቤት ቁጥር ከሌለበት አይመዘገብም» ብላ መለሰችኝ። ቁጥሩ የተጻፈበት ቆርቆሮ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ስለሄደ፣ የት እንዳራገፉት ቢጠቁሙኝ ፈልጌ ይዤው እመጣለሁ።